ቮልሴ አዲስ አበባ ላይ ደህና ናት፣ መተሃራ ስትደርስ ትንገጫገጫለች

ባለ ቮልስ፦ ሰላም የሞተር ሰዎች። 1600 ቮልስ አለችኝ። ካርቡራተሯን አውጥቼ ኢንጀክተርና ሜጋስኩዊርት ኮምፒውተር ገጠምኩላት። ኮምፒውተሩ ነዳጁን የሚያሰላው በማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት ቱቦ) ግፊት ሴንሰር ነው። ቱኒንጉን (የኮምፒውተሩን ቁጥሮች ማስተካከሉን) የሠራሁት እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ከተማ ውስጥ ምንም አትል። መተሃራ ስወርድ ግን በኳርታ ፔዳሉን እስከ ታች ስረግጠው ትንገጫገጫለች፣ ሞተሩም ያንኳኳል። የአየርና ነዳጅ መለኪያው 16 ላይ ይወጣል፣ ማለትም ነዳጁ ያንሳታል። ቀስ ብዬ ስነዳ ችግር የለም። ፓምፕ ልቀይር?

የሳሪስ ሜካኒክ፦ ወንድሜ፣ ገንዘብህን አታባክን። መጀመሪያ የነዳጅ ግፊት መለኪያ ግጠምና እየነዳህ እይ። ሲረገጥ ግፊቱ ከወረደ ፓምፑ ወይም ፊልትሮው ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ብዙ ነዳጅ አይጠይቅም፤ ደካማ ፓምፕም እዚያ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።

ዳዊት፦ ኮምፒውተርህ የአካባቢውን የአየር ግፊት የሚያነበው ቁልፍ ስትከፍት ብቻ ይሆናል። መተሃራ ስትደርስ አጥፍተህ እንደገና አስነሳት።

ቤቲ ቱኒንግ፦ ዳዊት፣ እሱ በፔዳል መክፈቻ ብቻ ለሚሰላ ሞተር ትልቅ ጉዳይ ነው። የማኒፎልድ ግፊት እያነበበ ለሚያሰላ ግን ይህን ያህል የነዳጅ ማነስ አያመጣም። ባለ ቮልስ፣ የነዳጅ ሰንጠረዥህን (ኮምፒውተሩ በየግፊቱ ስንት ነዳጅ እንደሚረጭ የሚያይበትን) ከፍተህ ከ75 ኪሎፓስካል በላይ ያሉትን ረድፎች ንገረን።

ባለ ቮልስ፦ የነዳጅ ግፊቱን ለካሁ፣ ሲረገጥም አይወርድም። 75 ላይ ቁጥሮቹ 70 አካባቢ ናቸው። 85 እና 95 ላይ ግን ሁሉም 56።

ቤቲ ቱኒንግ፦ በቃ፣ ተገኘ። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ፔዳሉን ብትሰብረውም ማኒፎልዱ ውስጥ የሚገባው ግፊት ከ76 ብዙም አያልፍም። ስለዚህ የላይኞቹን ረድፎች ሞተርህ አይቷቸው አያውቅም፤ ከፋብሪካ የተሞላው ቁጥር ነው እንዳለ የተቀመጠው። መተሃራ 1,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 88 ወይም 90 ትደርሳለህ፣ ያን ጊዜ 56ቷን ያነባል። ጅቡቲ ላይ ቱን ያደረገ ሰው ይህ አይገጥመውም።

የ75ን ረድፍ ወደ 85፣ 95 እና 100 ገልብጥ፣ 2 ነጥብ ጨምርበት። 16 የነበረው ወደ 12.5 ይወርዳል። በአየር ለሚቀዘቅዝ ሞተር ትንሽ ወፍራም (ነዳጅ የበዛበት) ይሻላል።

ባለ ቮልስ፦ ሶፍትዌሩ ራሱ እንዲያስተካክል ብተወውስ?

ቤቲ ቱኒንግ፦ እያንኳኳ? በፍጹም። መጀመሪያ በእጅህ አወፍረው፣ ከዚያ ለማጥራት ተጠቀምበት። የእሳት ሰንጠረዡም (ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስነው) በነዚሁ ረድፎች እንዳልተነካ እርግጠኛ ነኝ። 3 ወይም 4 ዲግሪ ወደ ኋላ መልሰው።

የሳሪስ ሜካኒክ፦ ካንዴላዎቹንም አውጥተህ እይ። ሲያንኳኳ ብዙ ከነዳህ ነጥብ ነጥብ የሚያብረቀርቅ ነገር ታገኛለህ፤ እሱ የፒስተን አልሙኒየም ነው። ካየህ አትንዳ፣ ኮምፕሬሽን አስለካ።