የብራና መጽሐፈ መድኃኒትና የአጀም ጥራዝ፦ ከፎቶ እስከ ላብራቶሪ የት ጋ እንሳሳታለን?

ጥያቄ፦ ሐይቅ ዳር

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሦስት ሆነን የጋራ ጥናት ልናቀርብ ነው፤ ከደሴ ሥነ ጽሑፍና ፋርማሲ፣ ከኮምቦልቻ ኮምፒውተር ምህንድስና። መነሻችን ሁለት ጽሑፎች ናቸው። አንደኛው በአንድ መሪጌታ እጅ ያለ የብራና መጽሐፈ መድኃኒት ነው፤ 94 ቅጠል፣ ገጹ 25 በ18 ሴንቲ ሜትር፣ ግእዝና አማርኛ የተቀላቀለበት፣ አንዳንድ ገጹ ቅቤና ሰም የጠጣ። ሁለተኛው የአንድ ሼህ ቤተሰብ ያቆዩት የወረቀት ጥራዝ ነው፤ ዐረብኛና አጀም (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ አማርኛ) ሆኖ በመንዙማዎቹ መካከል መድኃኒት ተጽፎበታል።

ያሰብነው እንዲህ ነው። ሁለቱንም ኮምቦልቻ ወስደን በስካነር ማንሳት፣ ከዚያ የእጅ ጽሑፍ የሚያነብ ሞዴል አሠልጥነን ጽሑፉን ማውጣት፣ የዕፅዋቱን ስም ለቅመን ከገበያና ከየጎፍ ደን መሰብሰብ፣ በ80 በመቶ ሜታኖል ዘፍዝፈን ኢ. ኮላይና ስታፍ በተባሉት ባክቴሪያዎች ላይ መፈተን። 24 ሜጋፒክስል ካሜራና 50 ሚሊ ሜትር ማክሮ ሌንስ አለን። የደበዘዘውን ለማንበብ የአልትራቫዮሌት መብራት ልንገዛ ነው። የምታውቁ አስተካክሉን።

መልስ፦ የጦሳ ጉም

አብሽሩ፣ ካሜራችሁ ይበቃል። ስካነሩን፣ ጉዞውንና የአልትራቫዮሌት መብራቱን ግን ሰርዙ።

ብራና ቆዳ ነው፤ የአየሩን እርጥበት እየተከተለ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። መጽሐፉ በመካከላቸው ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ሙቀቱና እርጥበቱ በአንዴ ሲቀየርበት ቅጠሉ ይጠቀለላል፤ ቀለሙ አብሮት አይለጠጥምና ይረግፋል። ካሜራውን ይዛችሁ እናንተ ወደ መሪጌታው ቤት ሂዱ። ከተቻለ በጋ ላይ ይሁን፤ በክረምት ጉሙ ቤት ድረስ ሲገባ ብራናው ከቀን ወደ ቀን ቅርጹን ስለሚለውጥ ፎከሱ አይጸናም።

ስካነር የማይሆነው በስፌቱ ምክንያት ነው። ቅጠሎቹ በሰንሰለት ስፌት ተያይዘው ከእንጨት ገበታው ጋር ታስረዋል። 180 ዲግሪ ከተዘረጋ ክሩ ይበጠሳል፤ መስታወት ላይ ተደፍቶ ሳይጫኑት ደግሞ አይነሳም። ከ100 እስከ 110 ዲግሪ ብቻ ክፈቱት፤ ከሁለቱም ገበታዎች ሥር በንጹሕ ነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ስፖንጅ ሽብልቅ አድርጋችሁ አስገቡ። መጀመሪያ የቀኝ ገጾቹን በሙሉ፣ ከዚያ መጽሐፉን አዙራችሁ የግራዎቹን አንሱ። ሁለቱን ገጽ በአንድ ፎቶ ካነሳችሁ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ በ6,000 ፒክስል መሸፈን ስላለበት ወደ 380 ፒፒአይ (ፒክስል በኢንች) ይወርዳል፤ ገጽ በገጽ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሸፈን 508 ይሆናል። ከ400 በታች ባትወርዱ ጥሩ ነው።

የካሜራው ሴንሰር ትንሹ ዓይነት (ኤፒኤስ-ሲ) ከሆነ ሌንሱ ከገጹ 70 ሴንቲ ሜትር፣ ትልቁ (ፉል ፍሬም) ከሆነ 47 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቀዳዳው ኤፍ 8፣ አይኤስኦ 100፣ ፋይሉ ሮው፣ ማንሻው በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ። ሁለት 5,000 ኬልቪን መብራት (ቀለምን በትክክል የማሳየት መለኪያቸው፣ ሲአርአይ፣ ከ90 በላይ የሆነ) ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ፤ መስኮቱ ይጋረድ። የብራናው የጠጉር ጎን ቢጫና አብረቅራቂ፣ የሥጋው ጎን ነጣ ያለና ፈዛዛ ስለሆነ ነጸብራቅ የሚያስቸግራችሁ በየሁለት ገጹ ነው። ያኔ መብራቱን ወደ 35 ዲግሪ ዝቅ አድርጉት እንጂ ገጹን ለማቃናት እጅ አትጫኑበት። ማስመሪያና የቀለም ካርድ በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ይታዩ።

አሁን ወደ ቀለሙ። የኛ ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸት ነው፣ ማለትም ካርቦን። አልትራቫዮሌት በደንብ የሚረዳው ብረት ባለበት የፈረንጅ ቀለም ላይ ነው። ለጥላሸት የሚያስፈልጋችሁ ኢንፍራሬድ ነው፤ 850 ናኖ ሜትር ኤልኢዲ የደኅንነት ካሜራ ከሚሸጥበት ሱቅ ይገኛል። የካሜራው ሴንሰር ፊት ያለው የኢንፍራሬድ መከላከያ ማጣሪያ ስለሚያግደው ማጣሪያው የወጣለት አሮጌ ካሜራ ፈልጉ። የቅቤው እድፍ በኢንፍራሬድ ይሳሳል፣ ጥላሸቱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ቀዩ ቀለም ግን አብሮ ይጠፋል፤ የየመድኃኒቱ አርእስት የተጻፈው ደግሞ በቀይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ እድፋም ገጽ ሁለት ጊዜ ይነሳ፣ በተራ ብርሃንና በኢንፍራሬድ። ጥላሸት ወደ ቆዳው አይሰርግም፣ ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው፤ እርጥብ ጥጥ ካስነካችሁት ፊደሉ ከጥጡ ጋር ይሄዳል።

የወረቀቱን ጥራዝ ከኋላው ስስ የኤልኢዲ ሰሌዳ አድርጋችሁም አንሱት። ወረቀቱ ከውጭ የገባ ከሆነ የፋብሪካው ውሃ ምልክት ይታያል፤ ሦስት ጨረቃ ያለው የቬኒስ ወረቀት በቀይ ባሕር ንግድ እኛ ዘንድ ይገባ ነበርና ዘመኑን ለመገመት ይረዳል።

የፋይል ስም ላይ የቅጠሉን ፊት ሀ፣ ጀርባውን ለ በሉ፦ 037ሀ፣ 037ለ። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፎቶ በ16 ቢት ቲፍ 144 ሜጋባይት ነው፤ 188 ገጽ ሲባዛ 27 ጊጋባይት። በሁለት ዲስክ ይቀመጥ፣ አንዱ መሪጌታው ጋ ይሁን።

መልስ፦ ሽቦና ኮድ

በኔ በኩል ሞዴሉን ተዉት ነው የምለው። ምህንድስና ያጠናሁ ሰው ይህን ስል ይገርማችሁ ይሆናል፤ ሒሳቡን ግን እዩት። ትራንስክሪበስ በተባለው የእጅ ጽሑፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ላይ ለአንድ የእጅ ጽሑፍ ሞዴል የሚመከረው ከ5,000 እስከ 15,000 ቃል በእጅ የተተየበ ማሠልጠኛ ነው። የናንተ 188 ገጽ በገጽ 120 ቃል ብንገምት 22,500 ያህል ነው። ሞዴሉ እስኪሠለጥን መጽሐፉን አጋምሳችሁ አልፋችኋል። ቴሴራክት የተባለው ነፃ የጽሑፍ ማንበቢያ የአማርኛ ሞዴል አለው፤ ግን የተሠራው ለማተሚያ ፊደል ነው፣ በብራና ላይ አትድከሙበት።

ደግሞም ስሕተቱ የት እንደሚወድቅ አስቡ። 5 በመቶ የፊደል ስሕተት ጥሩ ውጤት ይባላል። 500 ፊደል ባለው ገጽ 25 ስሕተት ማለት ነው። በገድል ወይም በታሪክ ላይ አንባቢው በአገባቡ ያርመዋል። በመድኃኒት ላይ ግን ፮ ፯ ተብሎ ቢነበብ ምንም አገባብ አያርመውም። ቁጥርና የዕፅ ስም በሁለት ሰው ለየብቻ ተነቦ ይመዝገብ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱም ንባብ ይቀመጥ።

ስትተይቡ ሁለት ረድፍ ያዙ። በመጀመሪያው ጸሐፊው እንደጻፈው ይሁን፤ ሠ እና ሰ፣ ኀ እና ሐ፣ ዐ እና አ አይነኩ። በሁለተኛው ለፍለጋ ወደ አንድ ይጠቃለሉ። የቃል መለያው ሁለት ነጥብ በዩኒኮድ ቁጥሩ ዩ+1361 መሆኑን አረጋግጡ። ግማሹ ተማሪ የፈረንጁን ሁለት ነጥብ ይመታል፤ ለዓይን አንድ ይመስላል፣ ፍለጋው ግን ይከሽፋል፣ ምክንያቱን ስትፈልጉም ሳምንት ያልፋል። የግእዝ ቁጥሮችም ከዩ+1369 ጀምሮ ያሉት ይሁኑ እንጂ በዐረብ ቁጥር አትተኳቸው።

መልስ፦ ፊደል ቆጣሪ

ሽቦና ኮድ፣ በአንድ መጽሐፍ ከሆነ ልክ ነህ። ግን የምህንድስናዋ ልጅ ምን ይዛ ትመረቅ? መስመር መለያውን ለብቻው መጠቀም ይቻላል፤ ኢስክሪፕቶሪየም የተባለው ፕሮግራም ገጹን በመስመር ከፋፍሎ ሲያቀርብላችሁ የምትተይቡት ሁሉ ከፎቶው ጋር በቅጠልና በመስመር ታስሮ ይቀመጣል። ያ ራሱ ማሠልጠኛ ነው። በኋላ ሞዴል ስትሠሩ መፈተኛው ከሌላ ጸሐፊ እጅ ይሁን፤ ከዚያው መጽሐፍ መስመር በዘፈቀደ አውጥታችሁ ከፈተናችሁ ውጤቱ ያማረ ይመስላል፣ ሁለተኛ መጽሐፍ ላይ ይወድቃል።

አጀሙ የተለየ ጉዳይ ነው። አማርኛ ሰባት አናባቢ አለው፤ ዐረብኛው ሦስት ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) እና ማስረዘሚያ። ጨ እና ጰ ደግሞ በዐረብኛው ፊደል ውስጥ የሉም፤ እያንዳንዱ ሸህ በራሱ መንገድ ነው የሚጽፋቸው። አንድ ቃል ሁለት ሦስት ዓይነት ሊነበብ ይችላል። መንዙማውን በቃል የሚያውቁት የቤተሰቡ አዛውንት እያነበቡ በድምፅ ይቀዳ፤ ንባቡ ከድምፁ ይውጣ። በግጥሙ ክፍል ቤት መድፊያው ያግዛችኋል፣ ስድ በሆነው መድኃኒት ላይ ግን ከአንባቢው ሌላ ረዳት የላችሁም።

ለብራናው ተመሳሳይ ቅጂ ፈልጉ። በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ፣ የሐይቅ እስጢፋኖሱን የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ጨምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት አንስቷል፤ ብዙው በሚኒሶታው የሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ በነፃ ምዝገባ ይታያል። የተቀደደ መስመር በሌላ ቅጂ ሊሞላ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለፋርማሲው፦ ጸሎቱንና አስማቱን “ሳይንስ አይደለም” ብለህ አትቁረጥ። “ሰባት ጊዜ ድገም” የሚለው የሚፈላበትን ወይም የሚዘፈዘፍበትን ጊዜ የሚለካ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ የግራዋ ጥላ

ትልቁ ችግር ያለው የዕፁ ስምና የላብራቶሪው ዕቅድ ላይ ስለሆነ እዚህ ልቆይ።

የሰፈር ስም ዝርያ አይደለም። እምቧይ የሶላነም ወገን ነው፣ የድንች ዘመድ። የምድር እምቧይ ግን ኩኩሚስ ፊሲፎሊየስ ነው፣ ከዱባ ቤተሰብ። በብራናው ላይ “ሥረ እምቧይ” ካለና ቀጣዩ ቃል በቅቤ ከተሸፈነ የትኛው እንደሆነ አታውቁም፤ ሁለቱንም ዕጩ አድርጋችሁ መዝግቡ። ከገበያ የደረቀ ሥር ገዝቶ መፈተን ዋጋ የለውም፤ አበባና ፍሬ የሌለው ናሙና አይለይም። አበባ ወይም ፍሬ ያለው ቅርንጫፍ፣ ሦስት ቅጂ፣ ከቦታው ከፍታና ከጂፒኤስ ጋር ያዙ። በጋዜጣ መሃል ተጭኖ ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየር፣ አለዚያ በክረምት በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ወዳለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ይሂድና ቁጥር ይሰጠው። ያለዚያ ቁጥር መጽሔቶች አይቀበሏችሁም።

የበሽታውም ስም እንደዚያው ነው። ምች አንዱ ዘንድ ትኩሳትና ራስ ምታት፣ ሌላው ዘንድ ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ለምጽ የቆዳ መንጣትም የሥጋ ደዌም ሊሆን ይችላል። ጽሑፉ የዘረዘረውን ምልክት ጻፉ እንጂ የዘመኑን የበሽታ ስም አትለጥፉበት።

ሁሉንም ዕፅ በኢ. ኮላይና በስታፍ ላይ መፈተን የሰነፍ ልማድ ነው፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መጽሐፉ ኮሶን ለትል ካዘዘ ፈተናው ትል ላይ ይሁን። ባክቴሪያ ላይ ባይሠራ መጽሐፉ ተሳሳተ አያሰኝም። ባክቴሪያ የሚመለከተው ለመግላም ቁስልና መሰል የታዘዘውን ነው።

ሜታኖሉም ብቻውን አይበቃም። መጽሐፉ በማር ለውስ፣ በውሃ ዘፍዝፍ፣ በቅቤ አንጥር ካለ የሚወጣው ንጥረ ነገር ይለያያል። ለእያንዳንዱ ዕፅ ሁለት ጭማቂ አዘጋጁ፦ አንዱ መጽሐፉ እንዳለው፣ አንዱ ለንጽጽር በ80 በመቶ ሜታኖል። በጥላ የደረቀ 100 ግራም ዱቄት በ1 ሊትር፣ 72 ሰዓት እየተወዘወዘ፣ በዋትማን ቁጥር 1 ማጣሪያ ወረቀት ተጣርቶ፣ ከ40 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ሜታኖሉ ይትነን። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል የሚሸት ዘይቱ ቀድሞ ይበንናል፤ ዳማከሴ እንዲያ ከደረቀ ገለባ ነው።

በዲስክ ዙሪያ የሚታየውን ክብ ብቻ አትለኩ፤ ትልልቅ ሞለኪውሎች በአጋር (ባክቴሪያው በሚያድግበት ዝልግልግ ምግብ) ውስጥ ስለማይሄዱ ደካማ ሳይሆኑ ደካማ ይመስላሉ። ባለ 96 ጉድጓድ ሳህን ላይ በግማሽ በግማሽ እያቀጠናችሁ የባክቴሪያውን እድገት የሚያግደውን ዝቅተኛ መጠን ፈልጉ። ባክቴሪያው ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ) ተነስቶ በጉድጓዱ ውስጥ በሚሊ ሊትር 5×10⁵ ሕዋስ ይሁን፤ 35 ዲግሪ፣ ከ16 እስከ 20 ሰዓት። ጭማቂው የሚሟሟበት ዲኤምኤስኦ ከ1 በመቶ አይብለጥ፤ ዲኤምኤስኦ ብቻ ያለበት ጉድጓድም ይኑር። ጭማቂው ራሱ ስለሚያደፈርስ እድገቱን በዓይን መለየት ያስቸግራል፤ ሬሳዙሪን የተባለውን ቀለም ጨምሩበት፣ ከሰማያዊ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ባክቴሪያው በሕይወት አለ።

ልኬቱን በተመለከተ፣ “እፍኝ” እና “ጭብጥ” ወደ ግራም የሚለወጡት በሚዛን ነው። አሥር ሰው እያንዳንዱ አሥር ጊዜ ይዝገን፤ አማካዩም ልዩነቱም ይጻፍ፣ እርጥቡና ደረቁ ለየብቻ። አስተናግር የገባበትን ማንኛውንም ቅመማ ሰው ላይ፣ ራሳችሁ ላይም ቢሆን፣ አትሞክሩ፤ አትሮፒንና ስኮፖላሚን አለበት፣ መጠኑም ከተክል ተክል ይለያያል።

ሐይቅ ዳር

አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ይስጥልን። ስካነሩና መብራቱ ቀርተዋል። ሁለት ነገር ብቻ፦ የሦስታችንን መረጃ በምን አንድ እናድርገው? ፎቶዎቹንስ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ እንችላለን?

የግራዋ ጥላ

በአንድ ሰንጠረዥ። አንድ ረድፍ አንድ መድኃኒት ሳይሆን በአንድ መድኃኒት ውስጥ ያለ አንድ ዕፅ ይሁን። ዓምዶቹ፦ ቅጠልና መስመር (037ለ፣ 11)፣ እንደተጻፈው፣ የመጀመሪያ አንባቢ፣ ሁለተኛ አንባቢ፣ መጠን እንደተጻፈው፣ መጠን በግራም፣ አዘገጃጀት፣ ዕጩ ዝርያ፣ የሄርባሪየም ቁጥር፣ የጭማቂ ቁጥር። የጭማቂው ብልቃጥ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር ከዚሁ ይውሰድ። ያልታወቀ ዓምድ ባዶ ይቅር፣ በግምት አይሞላ።

የጦሳ ጉም

ፎቶውን አሁን አትልቀቁ። ለማየት መፍቀድ ለማተም መፍቀድ አይደለም፤ ከመሪጌታውም ከሼሁ ቤተሰብም የተፈረመ ወረቀት ያስፈልጋል፣ የትኛው ገጽ እንደማይታይ የሚመርጡትም እነሱ ናቸው። የቅርስ ጥናት በአዋጅ ቁጥር 209/1992፣ የማኅበረሰብ ዕውቀትና የዕፅዋት ሀብት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ስለሚገዙ ከቅርስና ከብዝኃ ሕይወት መሥሪያ ቤቶቹ የሚወጣውን ፈቃድ ከሥነ ምግባር ኮሚቴው ጋር ጎን ለጎን ጀምሩ። ናሙና ወይም ጭማቂ ውጭ አገር ላሉ ተባባሪዎች ለመላክ ካሰባችሁ ሌላ ፈቃድ ነው፤ ፕሮፖዛሉ ላይ ካልጻፋችሁት በኋላ እንደገና ከኮሚቴው ነው የምትነሱት።