ኩላንት ይጎድላል፤ የሚያፈስበት ቦታ ግን ጠፋኝ

ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ዕድሜ ጠገብ ናት፤ ኩላንቷ (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሹ) በየጊዜው ይጎድላል። ጠዋት ከሥሯ ሳይ ግን መሬቱ ደረቅ ነው። ሞተሩ ሲግል ጣፋጭ ሽታ ይመጣል። የራዲያተሩን ክዳን ቀየርኩ፣ ለውጥ የለም። ቱቦዎቹም ደህና ይመስላሉ። የሞተር ዘይቱ አልደፈረሰም፣ ነጭ ጭስም የለም፤ ስለዚህ የቴስታታውን ጓርኒሲዮን (በሞተሩ የላይኛው ክፍልና በብሎኩ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ብዙ አልጠረጠርኩም።

ያሳሰበኝ የውሃ ፓምፑ ነው። ከሥሩ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ወደ ታች የወረደ፣ የደረቀ አረንጓዴ መስመር አለ። ስነካው እንደ ጨው ይፈረፈራል። ይሄ ብቻውን ፓምፑን ለመቀየር ይበቃል? ወይስ መጀመሪያ ሞተሩ ቀዝቅዞ በግፊት ላስፈትሸው?

«የሚደፍን ፈሳሽ ጨምርበትና ተገላገል» የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ራዲያተሩንም አብሮ እንዳይደፍነው ፈራሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።