የአባዬ ጠብመንጃ መቀባበያ ተሰበረ፤ ሰልፉ እሁድ ነው!

የጋሼ ልጅ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ) – ረቡዕ ማታ
እባካችሁ ቶሎ እርዱኝ። የአባዬ ጠብመንጃ ተሰበረ። ልጄ ከሶፋው ላይ ሲያነሳው ከእጁ አምልጦት ሴራሚኩ ላይ ወደቀ። መቀባበያው፣ ያ የሚጎተተው እጀታ፣ ከሥሩ ቁርጥ ብሏል። እሁድ የአድዋ ሰልፍ አለ። አባዬ በየዓመቱ ካባውን ለብሶ፣ እሱን አንግቶ ነው የሚወጣው። ገና አልነገርኩትም። ሱፐር ግሉ ሁለት ጊዜ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ወደቀ። ባለቤቴ ነገ ጠዋት ብየዳ ቤት ልውሰደው እያለ ነው። ይበየዳል ወይ?

ሸገር በሜሪላንድ
እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪን። እውነተኛ መሣሪያ ነው? ጥይት አለበት? ልጅ እጅ ውስጥ እንዴት ገባ? እውነተኛ ከሆነ ማንም እንዳይነካው። ሥራው ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ባለሙያ እንጂ የሶፋ ላይ ሥራ አይደለም።

የጋሼ ልጅ
ይቅርታ፣ ደንግጬ ሳልጽፈው ቀረሁ። እውነተኛ አይደለም፣ አምሳያ ነው። ዴኒክስ የሚባለው የስፔን ሥራ። አይተኩስም፣ ጥይትም አይገባበትም። የጀርመን ማውዘር፣ ካር 98 የሚሉት ነው። ሰደፉ እንጨት ነው፣ ሌላው ብረት። ለ75ኛ ልደቱ ነው የገዛንለት።

ሶዳ
ቀላል ነው። ሱፐር ግሉ አድርጊበት፣ ወዲያው ላዩ ላይ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሺበት። በሰከንድ ድንጋይ ይሆናል። እኔ የመኪናዬን ዳሽቦርድ እንደዚህ ነው የሠራሁት።

የታሪክ ወዳጅ
ወንድሞችና እህቶች፣ ከመጠገኑ በፊት አንድ ነገር ይታረም። ይህ ጠብመንጃ ለአድዋ አይሆንም። አድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ በፈረንጅ 1896። ሞዴል 98 ማውዘር የጀርመን ጦር የተቀበለው በፈረንጅ 1898 ነው። ካር 98 ኬ የሚባለው ይህኛው ደግሞ የፈረንጅ 1935 ሥራ ነው። አድዋ ላይ ገና አልተወለደም!

አባቶቻችን የያዙት ሌላ ነበር። ውጅግራ ነበር። ስሙ የመጣው ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ ነው። የፈረንጅ 1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ሰናድር ነበር፣ ከእንግሊዙ ስናይደር። ለበን ነበር፣ ከፈረንሳዩ ለቤል። ጣሊያኖቹ ራሳቸው አብዛኞቹ የያዙት አሮጌውን ቬተርሊ ነው። አዲሱ ጠብመንጃቸው ካርካኖ በፈረንጅ 1891 ተቀባይነት አግኝቶ እያለ አድዋ የዘመቱት በብዛት በቬተርሊ ነበር። ለሰልፍ አምሳያ የሚገዛ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ልጆች የሚያዩት በእጃችን የያዝነውን ነው። እንደዚያ ነበር ብለው ያድጋሉ።

ሞርሳ (ሲያትል)
የታሪኩን ትምህርት አመሰግናለሁ። እኔ ግን ወደ ስብራቱ ልመለስ፤ ሰዓቱ እየሄደ ነው።

እህቴ፣ ባለቤትሽን ብየዳ ቤት እንዳይሄድ አስቁሚው። ብረት ብለሽ የጻፍሽው ብረት አይደለም። የዚንክ ቅይጥ ነው። ማግኔት አስጠጊበት፣ አይስብም። ብሎኖቹ ግን ሊስቡ ይችላሉ፣ በእነሱ እንዳትታለሉ። ዚንክ ቅይጥ 400 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። የብየዳ እሳት ሲነካው እንደ ቅቤ ነው የሚወርደው። ጭሱም ያሳምማል፣ የሠራው ሰው ማታውን ብርድ ብርድ ሲለው ያድራል። ሁለት አምሳያ በዚህ መንገድ ተበላሽተው ወደ እኔ መጥተዋል። የሚጠገን ነገር አልቀረባቸውም።

ስብራቱን በደንብ እዪው። ውስጡ ግራጫ፣ ስኳር የመሰለ ፍርክስክስ ያለ ነው? እንደዚያ ከሆነ በትክክል እሱ ነው። ፎቶ ላኪልኝ።

የጋሼ ልጅ
አዎ! ልክ እንደ ስኳር። ማግኔቱም አልያዘም። ፎቶ ልኬያለሁ።

ሶዳ
ሱፐር ግሉና ቤኪንግ ሶዳ። ሞክሪው፣ ሌላ አያስፈልግም።

ሞርሳ
ወንድሜ፣ ለፕላስቲክ ጥሩ ዘዴ ነው። እዚህ አይሆንም። ይደርቃል፣ ግን ይሰባበራል። መቀባበያ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚጎትተው ቦታ ነው። ሰልፍ ላይ ልጆች ጋሼ እስቲ አቀባብልልን ሲሉት አንዴ ብቻ ነው የሚበቃው።

ፎቶውን አየሁት። ንጹሕ ስብራት ነው፣ ደስ ይላል። መድኃኒቱ ማጣበቂያ ብቻ አይደለም፤ ውስጡ አጥንት ያስፈልገዋል። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ የያዘውን ሱፐር ግሉ በአሴቶን አጽጂ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ንጹሕ አሴቶን ከሆነ ይበቃል። እንጨቱ ላይ እንዳይፈስ፣ ቀለሙን ይበላዋል። ከዚያ ሁለቱንም የስብራት ፊት መሐላቸውን በምስማር ጫፍ ነቁጪ። በ3 ሚሊሜትር የመሰርሰሪያ ፑንታ ከሁለቱም በኩል አንድ ሳንቲሜትር ያህል ሰርስሪ። ቀስ ብለሽ። ዚንክ ለስላሳ ነው፣ ፑንታው ከተጣደፈ ይነክስና ይሰነጥቀዋል። ቀዳዳዎቹ ፊት ለፊት መግጠም አለባቸው። ትንሽ ከተዛነፉ አንዱን በ3 ተኩል አስፊው፣ ማጣበቂያው ክፍተቱን ይሞላዋል።

ምስማር ቆርጠሽ ሁለት ሳንቲሜትር የማይሞላ ዘንግ አድርጊ። በሞረድ አሻክሪው። ሁለት ቱቦ ያለውን ኢፖክሲ ማጣበቂያ ግዢ፣ ጄቢ ዌልድ የሚባለው የትም አለ። የ5 ደቂቃውን ሳይሆን ዋናውን፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን። እኩል በእኩል ቀላቅለሽ ቀዳዳው ውስጥም ፊቱም ላይ ቀቢ። አጋጥመሽ የወጣውን ጥረጊ። ከዚያ 24 ሰዓት እንዳይነካ። ሐሙስ ማታ ከሠራሽው ዓርብ ማታ ድንጋይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ። የካር 98 መቀባበያ ወደ ታች የታጠፈ ነው። ከሥሩ ያለው የእንጨቱ ጉድጓድ ለእሱ የተሠራ ነው። ስታጣብቂው መቀባበያውን ዘግተሽ፣ ጉድጓዱ ላይ አስተካክለሽ ለኪ። ግን እዚያው ላይ አታድርቂው፣ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። አውጥተሽ ሞርሳ (ዕቃ መቆንጠጫ) ላይ አስሪው። ሞርሳ ከሌለሽ በጎማ ላስቲክ።

ጉብል22
እግረ መንገዴን ልጠይቅ፣ እነዚህ አምሳያዎች ቢሠሩ እውነተኛ ጥይት መተኮስ ይችላሉ?

ሞርሳ
አይችሉም፣ መሞከርም የለበትም። ዚንክ የባሩድ ግፊት አይችልም፣ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳው። በብዙ ቦታ ሕጉም ወንጀል ያደርገዋል። በዚህ ጉዳይ ከዚህ በላይ አልመልስም።

ፍራንክፈርት ነኝ
እኔ ስለ መውጣቱ ልናገር። ጀርመን ውስጥ እውነተኛ የሚመስል መሣሪያ አደባባይ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ የማይተኩስ ቢሆንም። ለቴአትር፣ ለፊልምና ለመሳሰሉት ካልሆነ በስተቀር ተቆልፎ በሣጥን ነው የሚጓጓዘው። እኛ ሰልፍ ላይ ጋሻና ጦር ብቻ ነው የምንይዘው። እናንተ ጋ እንዴት ነው?

ሸገር በሜሪላንድ
እዚህ በፌዴራል ሕግ ለገበያ የሚወጣ አምሳያ አፈሙዙ ላይ ብርቱካናማ መድፈኛ ሊኖረው ይገባል። በፈረንጅ ከ1898 በፊት የተሠሩ ዓይነቶች የማይተኩስ አምሳያ ግን ከዚህ ነፃ ነው። የታሪክ ወዳጅ ያለው ውጅግራ ነፃ ነው፣ ካር 98 ግን አይደለም። እህቴ፣ የአባትሽ ብርቱካናማው አለ? በጥቁር ቀለም ከተሸፈነ ዛሬውኑ አስለቅቂው። ፖሊስ ከሩቅ አምሳያ መሆኑን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። የክልልና የከተማ ሕግም አለና የሰልፉን አስተባባሪዎች ጠይቂ፣ ለፖሊስ ቀድመው ያሳውቁ። እስከ ሰልፉ ድረስ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። አባትሽ ሽማግሌ ስለሆኑ ማንም አይነካቸውም እንዳትይ።

የጋሼ ልጅ
ሞርሳ፣ እግዜር ይስጥህ! ነገ ከሥራ ስመለስ ዕቃውን እገዛለሁ። ብርቱካናማው አለ፣ አባዬ ራሱ ነው እንዳይነካ ያለን።

ለታሪክ ወዳጅም ልመልስ። ልክ ነህ፣ አባዬም ያውቃል። እሱ የያዘው ለአያቱ ብሎ ነው። አያቱ በአምስቱ ዓመት ጊዜ አርበኛ ነበሩ፣ በልጅግ የሚባለው ጠብመንጃ ነበራቸው። በልጅግ ገበያ ላይ አምሳያ አጣን፣ በመልክ የሚቀርበው ይሄ ሆነ። አባዬ ልጅ ሆኖ የአያቱን በልጅግ ሰደፍ በቅቤ ያሽ ነበር። ያንን ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል።

የታሪክ ወዳጅ
እህቴ፣ ይቅርታ። ይህን ባውቅ እንደዚያ አልጽፍም ነበር። በልጅግ እኮ ማውዘር ነው። የቤልጂግ ፋብሪካ፣ ኤፍኤን፣ በማውዘር አሠራር ያወጣው። የክብር ዘበኛን ያሠለጠኑት የቤልጂግ መኮንኖች ናቸው፣ በልጅጉም በዚያው ዘመን ገባ። በፎቶ ያየኋቸው አብዛኞቹ መቀባበያቸው ቀጥ ብሎ ወደ ጎን የወጣ ነው፣ እንደ ካር 98 ወደ ታች አልታጠፈም። አባትሽን ይህን ጠይቂያቸው፣ የአያታቸው እንዴት እንደነበረ ያስታውሱ ይሆናል። ከመሞታቸው በፊት ቅጂልን፣ እግዜር ዕድሜ ይስጣቸውና። ሚያዝያ 27 ደግሞ በደንብ ይዘውት ይውጡ፣ ለአርበኞች ቀን ከእሱ የተሻለ አይገኝም።

ሶዳ
ሶዳውን ግን ሞክሪው።

የእንጨት ሰው
ቅቤ ስትሉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሰደፉን በቅቤ አትሹት፣ ይሻግታል። እኔ የራሴን አምሳያዎች የማሻቸው በተልባ ዘይት ነው፣ በጨርቅ ስስ አድርጌ። ሌሊቱን ይመጠዋል፣ ጠዋት በደረቅ ጨርቅ እወለውላለሁ። ጨርቁን ግን አጨማድዳችሁ ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥሉ! ተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ራሱ ይግላል፣ ከዚያም በራሱ ይነዳል። ቀልድ አይደለም። ጋራዤ ውስጥ ከጭሱ ደርሼበታለሁ። ወይ ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት፣ ወይ ውኃ ውስጥ ንከሩት።

የጋሼ ልጅ – ሐሙስ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት
ሠራሁት። ፑንታው አንዴ ሸተት ብሎ ጎኑን ቧጨረው፣ ግን ቀዳዳዎቹ ገጠሙ። ጎረቤቴ ሞርሳ አበደረኝ። አሁን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ታስሮ አለ፣ ልጄ ወረቀት ላይ «አትንኩ» ብሎ ጽፎበታል። አባዬ ተኝቷል። ነገ ጠዋት እነግረዋለሁ።

ሞርሳ
ጎበዝ። ጭረቱን አትቀቢው አሁን። ማጣበቂያው ይድረቅና ቅዳሜ የማያብለጨልጭ ጥቁር ስፕሬይ ጥጥ ላይ ነፍተሽ በጥጡ ነካ ነካ አድርጊ። ለብረት የሚሸጠውን ጥቁር ማድረጊያ ፈሳሽ እንዳትገዢ፣ ዚንክ ላይ በደንብ አይሠራም። ነግረሽው ምን እንዳለም ጻፊልን።

ፍራንክፈርት ነኝ – ማክሰኞ
እህቴ፣ እንዴት ሆነ? ጋሼ ይዘውት ወጡ?

ጉብል22 – ከሁለት ሳምንት በኋላ
የእኔም ካርካኖ አምሳያ ቃታው ላላ። ስስበው አይመለስም። የምን ችግር ነው?

ሞርሳ
ችግሩ ውስጡ ያለችው ትንሿ ሞላ ናት፣ ወይ ወጥታለች ወይ ተሰብራለች። ሰደፉን ከሥር የያዙትን ሁለት ብሎኖች በልክ ካቻቢቴ ፍታ። የማይገጥም ካቻቢቴ የብሎኑን ራስ ይበላዋል። ፎቶ ላክ።