እርሾው የት ላይ ነው የሚቆመው? ሎጂስቲክ ኩርባ ኤክሴል ላይ አልሠራ አለኝ

ህሊና (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሰኞ የሚደርስ የባዮሎጂ አሳይመንት አለብኝ። ካርልሰን የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳተመው የእርሾ ዳታ ተሰጥቶን «ሞዴል ሥሩለት» ተባልን። እርሾው በየሰዓቱ ተለክቷል፦ ሲጀመር 9.6፣ በ4ኛው ሰዓት 71.1፣ በ9ኛው 441.0፣ በ18ኛው 661.8። እኔ የመጀመሪያዎቹን 5 ልኬቶች ወስጄ ኤክስፖኔንሺያል ትሬንድላይን (በየሰዓቱ በእኩል እጥፍ የሚያድግ ኩርባ) ሳስገባ ቁጭ አለ፣ ደስ አለኝ። እስከ 18ኛው ሰዓት ስቀጥለው ግን 77 ሺህ ምናምን አመጣ! ጓደኛዬ «ሎጂስቲክ ነው የሚያስፈልግሽ» አለችኝ፤ ትሬንድላይን ዝርዝር ውስጥ ደግሞ የለም። ምን ላድርግ?

የጠላ ቤት ልጅ፦
ጠላ ሲጠመቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? መጀመሪያ ላይ ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ጸጥ ይላል። ስኳሩ እያለቀ አልኮሉ እየበዛ ሲሄድ እርሾው እንደ መጀመሪያው መራባት አይችልም። ያንቺ ትሬንድላይን ይሄንን አያውቅም፣ ምግቡ የማያልቅ መስሎታል።

ሎጂስቲክ ማለት በዚያው ኤክስፖኔንሺያል ላይ ፍሬን መጨመር ነው፦

የእድገት ፍጥነት = አር × መጠን × (1 − መጠን ÷ ኬ)

ኬ ጣሪያው ነው፣ አር ደግሞ እንቅፋት በሌለበት ጊዜ ያለው የእድገት ምጣኔ። መጠኑ ትንሽ ሲሆን ቅንፉ ወደ 1 ይጠጋል፣ ለዚህ ነው የመጀመሪያ ሰዓታትሽ ቁጭ ያሉት። መጠኑ የኬ ግማሽ ላይ ሲደርስ እድገቱ ከሁሉም ጊዜ ይፈጥናል፤ ከዚያ በኋላ ፍሬኑ ያሸንፋል። ፎርሙላውን ያወጣው ቬርሁልስት የሚባል ቤልጂየማዊ የሒሳብ ሰው ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1838።

ማቲ፦
እኔ ወደ ኤክሴሉ ልግባ። የምትፈልጊው ፎርሙላ ይሄ ነው፦

መጠን = ኬ ÷ (1 + ኤ × ኢ^(−አር × ሰዓት))፣ ኤ = (ኬ − መነሻ) ÷ መነሻ (ኢ ቋሚው ቁጥር 2.718 ገደማ ነው፣ መነሻ ደግሞ የ0 ሰዓቱ ልኬት)

መጀመሪያ ኬን በዓይንሽ ገምቺ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ልኬቶች 655.9፣ 659.6፣ 661.8 ናቸው፣ እየተንፏቀቁ ነው። 665 በይው። ከዚያ አዲስ ኮለም ክፈችና የ«መጠን ÷ (665 − መጠን)»ን ሎጋሪዝም (ኤልኤን) አስገቢ። ሞዴሉ ልክ ከሆነ ይሄ ኮለም ቀጥ ያለ መስመር ይሰጥሻል፣ ስሎፑም (የመስመሩ ተዳፋት) አር ነው። በ0 ሰዓት −4.22፣ በ9ኛው 0.68 ይወጣል፤ ልዩነቱን ለ9 ስታካፍይው 0.54። ኤ ደግሞ 68.3 ገደማ። ግማሹ ላይ የሚደረስበት ሰዓት 4.22 ÷ 0.54 = 7.8 ነው። ዳታሽን እዪው፣ ትልቁ ጭማሪ በ7ኛውና በ8ኛው ሰዓት መካከል ነው፣ ከ257.3 ወደ 350.7። ይኸው ገጠመ!

ላብ ነኝ፦
ማቲ ጥሩ ብሏል፣ ግን አንድ ወጥመድ አለ። በዚህ ዘዴ የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ኬ ትንሽ በተነካ ቁጥር ይዘላሉ። ኬን 665 ስትዪው የ18ኛው ሰዓት ዋጋ 5.33 ነው፣ 662 ስትዪው 8.10 ይሆናል። ከ661.8 በታች ካደረግሽው ደግሞ የኔጌቲቭ ሎጋሪዝም ስለሚሆን ኤክሴል ስህተት ይልሻል። ስለዚህ የማቲን ቁጥሮች መነሻ ብቻ አድርጊያቸው። በልኬቶቹና ሞዴሉ በሚሰጥሽ ቁጥሮች መካከል ያሉትን ልዩነቶች ስኩዌር አድርገሽ ደምሪና ሶልቨር የሚባለው የኤክሴል መሣሪያ ኬን፣ አርን እና ኤን እየቀያየረ ድምሩን እንዲያሳንስ እዘዢው። ሶልቨር ካልታየሽ ከአድ ኢን (የኤክሴል ተጨማሪ መሣሪያዎች ዝርዝር) ውስጥ አብሪው።

ህሊና፦
ተባረኩ! ግን ዳታው ብዙ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን 6 ሰዓታት ብቻ ብጠቀምስ? ከዚያ ጣሪያውን ሞዴሉ ራሱ ያውጣው።

ላብ ነኝ፦
እንዳታደርጊው እህቴ 😅 እኩል ርቀት ካላቸው ሦስት ነጥቦች ኬን የሚያወጣ ፎርሙላ አለ፣ አሁን ባንቺ ዳታ ሞከርኩት። በ0፣ 2 እና 4 ሰዓት ልኬቶች 178 አለኝ። በአንድ ሰዓት ገፋ አድርጌ 1፣ 3 እና 5 ስወስድ 2,077። በ2፣ 4 እና 6 ደግሞ ጣሪያው ኔጌቲቭ ወጣ! 0፣ 9 እና 18 ስወስድ ግን 664። ኩርባው መታጠፍ ሳይጀምር ስለ ጣሪያው የሚነግርሽ ነገር ዳታው ውስጥ የለም፤ ትንሽ የመለኪያ ስህተት ሁሉን ያገለባብጠዋል።

ጋሽ ቁጥር፦
ልጆች፣ በዚህ ትልልቆቹም ተሸውደዋል። ፐርል እና ሪድ የሚባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1920 ሎጂስቲክን በአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ላይ ገጥመው ጣሪያውን 197 ሚሊዮን ገደማ አሉት። ለተወሰኑ ዓመታት በደንብ ተከተለ። በ1967 ግን ሕዝቡ 200 ሚሊዮን አለፈ፣ በ2020 ቆጠራ 331 ሚሊዮን ደረሰ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ እርሾ የሚበላው ልክ አለው፤ አገር ግን እርሻውም ሕክምናውም ስደቱም ስለሚለዋወጥ ኬ ራሱ ይንቀሳቀሳል።

ማቲ፦
ጋሼ፣ እኔ ለኢትዮጵያ ሕዝብ ልሞክረው አስቤ ነበር።

ጋሽ ቁጥር፦
በምን ዳታ? ቆጠራዎቹ ሦስት ናቸው፦ የ1976፣ የ1987 እና የ1999 ዓ.ም.። የመጀመሪያው ኤርትራን ይጨምራል፣ ስለዚህ ወሰኑ ራሱ ሌላ ነው። ከ53 ሚሊዮን ወደ 74 ሚሊዮን ገደማ ያደገ ሕዝብ ጣሪያ በሁለት ነጥብ አይገኝም።

ዶሮ አርቢው፦
በመሃል ልግባና፣ እኔ ጫጩቶች በየሳምንቱ እመዝናለሁ። ይሄው ይሠራልኛል?

ላብ ነኝ፦
ይቀርባል፣ ግን ለዶሮ ክብደት ጎምፐርትዝ የሚባለውን ሌላ የእድገት ኩርባ ብትሞክር ይሻልሃል። ሎጂስቲክ እድገቱ የጣሪያው 50 በመቶ ላይ እንዲፈጥን ያስገድዳል፣ ጎምፐርትዝ 37 በመቶ ገደማ ላይ ነው። እና የሥጋ ዶሮ ሙሉ ክብደቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚሸጥ፣ ለህሊና ያልኩት ለአንተም ይሠራል፤ ጥቂት ዶሮዎች አስቀርና እስኪያቆሙ መዝናቸው።