ለጋራ የፋይል ማስቀመጫችን መዘግየት ምን እናቅርብ? ለጠቅላላ ጉባኤው የሚቀርብ ሐሳብ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦ የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ፒያሳ ባለው የጋራ ቢሯችን የሚገኘው የፋይል ማስቀመጫ ኮምፒውተር ሥራችንን እየጎተተው እንደሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ጥር ሲገባ የጥምቀትና የሠርግ ቀረጻ ስለሚደራረብብን፣ ከዚያ በፊት ለጠቅላላ ጉባኤው አንድ የጋራ ሐሳብ ማቅረብ ይኖርብናል። በረቂቄ ላይ ያስቀመጥኩት «አዲስ ሰርቨር (የፋይል ማስቀመጫ ኮምፒውተር) ይገዛ» የሚለውን ብቻ ነው፤ 40 ጊጋባይት የሚሆን የአንድ ሠርግ ቀረጻ ከቪዲዮ ክፍሉ ማክ ወደ ማስቀመጫው ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ገደማ እየፈጀ ነውና። አስተያየታችሁን እጠብቃለሁ።

የኔትወርክ ተጠሪ፦ ግዢው ላይ ከመድረሳችን በፊት ቁጥሩን እንየው። 40 ጊጋባይት በአንድ ሰዓት ማለት በሰከንድ 11 ሜጋባይት ገደማ ሲሆን፣ ይህ ቁጥር በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚያስተላልፍ መስመር በወረቀት ላይ እንኳ በሰከንድ ከ12.5 ሜጋባይት አያልፍም፤ ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚጓዘው የአድራሻና የቁጥጥር መረጃ ሲቀነስ ደግሞ የሚተርፈው 11 አካባቢ ነው። ኮምፒውተሮቹን የሚያገናኘው ስዊችም ሆነ ሁለቱ ኮምፒውተሮች ጊጋቢት፣ ማለትም በሰከንድ 1000 ሜጋቢት፣ የሚችሉ ስለሆኑ ጥርጣሬዬ ኬብሉ ላይ ወደቀ፤ ትናንት ከጠረጴዛው ሥር ስጎትተው የጠረጴዛው እግር ተጭኖበት ጠፍጥፎታል፣ ቡናማው ጥንድ ሽቦም ከጫፉ ተበጥሷል። ጊጋቢት በኬብሉ ውስጥ ያሉትን አራቱንም ጥንዶች ይፈልጋል፣ 100 ሜጋቢት ግን ሁለት ይበቁታል፤ ስለዚህ መስመሩ ሳይቋረጥ ዝም ብሎ ፍጥነቱን ቀንሶ ይሠራል፣ እኛም ሰርቨሩን እንወቅሳለን።

የቪዲዮ አርታኢ፦ ኬብሉ ዛሬ ጠዋት ተቀይሯል። ያንኑ የሠርግ ፎልደር ደግሜ ስገለብጠው በሰከንድ 33 ሜጋባይት ሄደልኝ፤ ደስ ይላል፣ ሆኖም ጊጋቢት የተባለው ከ110 በላይ ሊሰጥ ይችላል ሲባል ስለሰማሁ የቀረው የት እንደገባ ማወቅ እፈልጋለሁ።

የኔትወርክ ተጠሪ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። መስመሩን ለብቻው ለመለካት አይፐርፍ የተባለውን መሣሪያ ተጠቀምኩ፤ ይህ መሣሪያ ዲስክ ሳይነካ መረጃ ብቻ ስለሚልክ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው ወይስ የማስቀመጫው የሚለውን ይለይልናል። በሰከንድ 940 ሜጋቢት ገደማ አሳየ፣ ይህም ማለት መስመሩ ድኗል። የቀረው ችግር ፋይሎቻችን ያሉበት ውጫዊ ዲስክ ነው፤ በአሮጌው ዩኤስቢ 2 ተሰክቷል፣ በዚያ ላይ ፎርማቱ፣ ማለትም ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደረደሩበት ሥርዓት፣ የዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ ሆኖ ሳለ የሚያነበው የማስቀመጫው ኮምፒውተር የሚሠራው በሌላ ሥርዓተ ክወና፣ በሊኑክስ፣ ነው። ዲስኩን ወደ ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገብተን በሊኑክሱ የራሱ ፎርማት፣ በኢኤክስቲ 4፣ ብናዘጋጀው ይሻላል። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድሞ ሙሉ ቅጂ መያዝ አለበት፤ ሐሳቡ ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቀው ዋናው ነገርም ይህ የቅጂ ዲስክ ይመስለኛል።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ የእኔ ችግር ከዚህ ይለያል። አዲሱ ላፕቶፕ ዊንዶውስ 11 ስለሆነ እንደ ቀድሞው ያለ የይለፍ ቃል በእንግዳነት መግባት አልቻልኩም። አንድ ከውጭ የጠራነው ባለሙያ ኤስኤምቢ 1ን እንድናበራው መክሮን ነበር፤ ይህ በረቂቁ ይግባ?

የኔትወርክ ተጠሪ፦ እህቴ፣ እባክሽ ይህ እንዳይገባ። ኤስኤምቢ 1 ያረጀ የፋይል መጋሪያ ቋንቋ ነው፤ በግንቦት ወር 2017 እ.ኤ.አ. ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዓለም ዙሪያ የተዛመተው በዚሁ ቋንቋ ውስጥ በነበረ የደኅንነት ቀዳዳ ነው። ያንቺ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ 11 የ2024ቱ (እ.ኤ.አ.) እትም ስለሆነ እያንዳንዱ መልእክት በዲጂታል ፊርማ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፣ እንግዳ ደግሞ መፈረም አይችልም። መፍትሔው በሊኑክሱ ላይ ባለው ሳምባ በተባለው የፋይል መጋሪያ ፕሮግራም ለእያንዳንዱ አባል የራሱን መጠሪያና የይለፍ ቃል መክፈት ነው። ፊርማው የማስቀመጫውን አሮጌ ፕሮሰሰር ትንሽ ሊያደክመው ይችላል፤ ቢሆንም ለፍጥነት ብለን አናጥፋው።

አንጋፋው ፎቶግራፍ አንሺ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ ፍጥነቱ ብዙም አላውቅም፤ ነገር ግን የፋሲለደስ መዋኛ ፎቶዎቼ ከዊንዶውሱ ወደ ማስቀመጫው አልገለበጥ ብለው አስቸግረውኛል። የፋይሉ ስም በዓሉን፣ ቀኑን፣ ታቦታቱንና ደብራቱን ሁሉ ስለሚዘረዝር ሁለት መስመር ይሞላል።

የኔትወርክ ተጠሪ፦ ጋሼ፣ ምክንያቱ ራሱ ስሙ ነው። ሊኑክሱ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ሲሆን አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል፤ ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ዊንዶውሱ የሚቆጥረው በሌላ መንገድ በመሆኑ እርስዎ ዘንድ ያለምንም ችግር ይቀመጣል። ስሙን አሳጥረው ዝርዝሩን በፎልደሩ ውስጥ በአንድ የጽሑፍ ፋይል ቢያኖሩት ይገለበጥልዎታል።

የቪዲዮ አርታኢ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ የሚፈጥራቸው በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎች መጠናቸው ኢምንት ሆኖ ሳለ ከአንድ ትልቅ ቪዲዮ ይልቅ ይዘገያሉ፤ እያንዳንዱ ተከፍቶ፣ ተጽፎ፣ ተዘግቶ ነውና የሚሄደው። እነዚህ በየግል ኮምፒውተራችን ይቅሩ፣ መላክ ካለባቸውም በዚፕ ታስረው ይሂዱ። በኋለኛው ክፍል በዋይፋይ የምንሠራ አባላትም ጣሊያን የሠራው የቢሯችን ሕንፃ ግንብ ምን ያህል እንደሚወፍርና ሲግናሉን እንደሚያዳክመው ስለምናውቅ፣ አንድ ኬብል ይሳብልን።

ጸሐፊ፦ የራሴን ረቂቅ አንስቼዋለሁ። ለጉባኤው የሚቀርበው ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «ማኅበሩ በዚህ ዓመት ሰርቨር አይገዛም፤ ለመጠባበቂያ ቅጂ የሚሆን አንድ ዲስክና ወደ ኋለኛው ክፍል የሚሳብ ኬብል ይገዛል፤ ቅጂው ተይዞ መከፈቱ ከተረጋገጠ በኋላ የዋናው ዲስክ ፎርማት ይቀየራል፤ የእንግዳ መግቢያ ተዘግቶ እያንዳንዱ አባል በስሙ ይገባል፤ የፋይል ስም ከ60 ፊደል እንዳይበልጥ ይደረጋል።» 60 ያልኩት ከ85ቱ በታች ለጥንቃቄ ብዬ ነው፤ ጋሼ ካልተስማሙበት እናነሳዋለን።

አንጋፋው ፎቶግራፍ አንሺ፦ 70 ይሁንልኝ።

ጸሐፊ፦ 70 ተብሎ ተስተካክሏል።