የክራር ተማሪ ሳክስፎን ይኮርጅ? የሳምንቱ ክርክር ከሐዋሳ

አወያይ፦
እንዴት አመሻችሁ የሐዋሳ ሙዚቀኞችና የሙዚቃ ወዳጆች። የዚህ ሳምንት ጥያቄ ከዚሁ ከከተማችን የመጣ ነው። አንድ የወጣቶች ማሰልጠኛ ውስጥ ክራር የሚያስተምር ልጅ ተማሪዎቹን ለሁለት ሳምንት ክራር እንዳይሰሙ አደረገ። በምትኩ የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን እየሰሙ በክራር እንዲያወጡት አዘዛቸው። ወላጆች ቅር አላቸው፣ ነገሩም ቆመ። እና ጥያቄው ይኸው፦ በሕዝብ ገንዘብ በሚሰጥ የባህል ሙዚቃ ስልጠና ተማሪ ከሌላ መሳሪያ ተጫዋች እንዲማር ማድረግ ልክ ነው? ወይስ መጀመሪያ የራሱን መሳሪያ ተጫዋቾች ሰምቶ ይጥገብ? የማሰልጠኛው ስም አይጠራ። ሰው አንንካ።

የታቦር ልጅ፦
እኔ ልክ ነው እላለሁ። ከራሴ ልጀምር። ቤዝ ተጫዋች ነኝ። ሆቴል ውስጥ በባንድ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። አራተኛው ዓመት ላይ የገዛ ጣቴ ሰለቸኝ። ምንም ዘፈን ቢመጣ እጄ የሚሄደው በለመደው መንገድ ነው። ሌሎች ቤዝ ተጫዋቾችን ልስማ ብዬ ተቀመጥኩ። የምሰማው ያንኑ የራሴን መንገድ ሆነ። ለምን አይሆንም? እነሱም እኔም የያዝነው ያው አራት ክር ነው።

አንድ ቀን ይርጋለም ሰርግ ሄድን። እኛ ዕቃ ስንዘረጋ አንድ ማሲንቆ መቺ ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ጠጋ ብዬ ግራ እጁን አየሁ። ጣቱ ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ነካ ብቻ ያደርገዋል። ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሲሄድም ጣቱ አይነሳም፣ ይንሸራተታል። ሰውየው ያለው አንድ የጭራ ክር ብቻ ነው። በዚያች በአንዷ ክር የሙሽራዋን አክስት አስለቀሳት።

ዜማውን በስልኬ ቀዳሁት። ቤቴ ገብቼ አንድ ወር ሙሉ በቤዝ ሞከርኩት። ሦስቱን ክር ትቼ በአንዱ ብቻ። መጀመሪያ ያስጠላ ነበር። ኋላ ግን እጄ የማያውቀው መንገድ ተከፈተ። ከእኔ ትልቁም ያደረገው ይህንኑ ነው። ጃኮ ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውን የመጀመሪያ አልበሙን የከፈተው በ"ዶና ሊ" ነው። ቻርሊ ፓርከር በሳክስፎን የሚታወቅበት ዜማ ነው። ቤዝ እንዲያ ይሮጣል ብሎ የጠበቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

እናት ነኝ፦
ወንድሜ የታቦር ልጅ፣ ያልከው ደስ ይላል። ግን አንተ ስድስት ዓመት ሠርተህ ነው የሰለቸህ። የእኔ ልጅ 13 ዓመቱ ነው። ክራር ከያዘ ገና ሰባት ወሩ። ክራሩን ራሱ ቃኝቶ አያውቅም፣ አሰልጣኙ ነው የሚቃኝለት። ያልጀመረው ነገር እንዴት ይሰለቸዋል?

ከቅሬታ አቅራቢዎቹ አንዷ እኔ ነኝ። አልደብቅም። ልጄን በሳምንት ሁለት ቀን በባጃጅ የምልከው ቤት ውስጥ የማያገኘውን እንዲያገኝ ነው። ሳክስፎን በስልኩም ያገኛል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይም ያገኛል። ክራር የሚያውቅ ትልቅ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ "ጣትህን እንዲህ አድርግ" የሚለው ግን ከየት ያገኛል? ያቺ ሁለት ቀን ናት ያለችው። እሷንም ለሳክስፎን?

የድሮ ክራር፦
ልጆቼ፣ ክራር ከያዝሁ 40 ዓመት አልፎኛል። የልጁ እናት የተናገሩት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ከመሳሪያው ልናገር።

ክራር በሁለት መንገድ ይመታል። አንዱ ድርደራ ነው፣ ክሩን በጣት እየነጠሉ መጫወት። ሌላው ግርፍ ነው። በግርፍ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ ባንድ ላይ ይገርፋል። ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ክሮች በጣት ያፍናል። የሚሰማው ጣት የለቀቀው ብቻ ነው። ልብ በሉ፣ በግርፍ ዜማ የሚወጣው ዝም በማሰኘት ነው። አንድ ጣት ከዘገየ ያልተጠራ ክር ይጮሃል። ይህን የትኛው ሳክስፎን ያስተምራል? ሳክስፎን ላይ በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ነው ያለው። እሱን ሲኮርጅ የከረመ ልጅ በድርደራ ብቻ ያድጋል። ግርፉ ይቀራል።

ሁለተኛው ቅኝት ነው። ዛሬ ልጆች ክራር የሚቃኙት በስልክ ነው። ስልኩ የሚያውቀው እንደ ፒያኖ እኩል እኩል የተከፋፈለውን ድምፅ ነው። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት በጆሮ ሲቃኝ ከዚያ ወጣ ይላል። በጣም ትንሽ ነው፣ ጣዕሙ ግን እዚያች ትንሽ ላይ ነው ያለው። የፈረንጅ መሳሪያ ለመከተል ሲባል ያቺ ትንሽ ትሄዳለች። አንዴ ከጆሮ ከሄደች በምን ትመለሳለች?

ፒያኖ ተማሪ፦
ጋሼ፣ አክብሬዎት ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩስ? ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ነው። ግን በልጅነታቸው በስዊዘርላንድ ቫዮሊንም ተምረዋል፣ በኋላም ካይሮ ሄደው ያስተማራቸው ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ፒያኗቸውን ስሰማ ቀኝ እጃቸው ይዘፍናል እንጂ ቁልፍ አይመታም። ቫዮሊኑ እዚያ ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ።

የድሮ ክራር፦
ልጄ፣ ጥሩ ሰው ጠራሽ። ነገር ግን እማሆይ ግሸን ማርያም ገዳም ውስጥ ለዓመታት ኖረዋል። ጎንደርም ሆነው የቅዱስ ያሬድን ዜማ አጥንተዋል። የራሳቸው ነገር በውስጣቸው ሞልቶ ነበር። የሞላ ሰው ከየትም ቢቀዳ አይጠፋም። እኔ የምፈራው ለባዶው ነው።

አሰልጣኙ፦
ያ አሰልጣኝ እኔ ነኝ። ዝም ልል ነበር፣ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ለወላጆች ቀድሜ አለማስረዳቴ ስህተት ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክራር አትስሙ ማለቴም ከመጠን ያለፈ ነበር። እናትዬ፣ ይቅርታ።

አሁን ለምን እንዳደረግኩት ልንገራችሁ። 11 ተማሪዎች አሉኝ። ሁሉም ትዝታን ያውቃሉ፣ ሁሉም ግን አያቆሙም። ከመጀመሪያው ክር እስከ መጨረሻው ይሮጣሉ። ድምፁ ቶሎ ስለሚሞት ባዶ ቦታ የመጣ ሲመስላቸው ሌላ ክር ይመታሉ። "ቆም በሉ" ስል ቆጥረው ይቆማሉ፣ አንድ ሁለት ሦስት። እሱ ደግሞ ከመሮጡ ይብሳል። ክራር አይተነፍስም፣ ችግሩ እሱ ነው። የሚነፋ ሰው ግን ቢወድም ባይወድም ይተነፍሳል። ጌታቸው ሐረጉን ጨርሶ አየር ሲስብ ይሰማል። ልጆቹን ያልኳቸው ኖታውን ልቀሙ አይደለም። "እሱ ሲተነፍስ እናንተም ተንፍሱ፣ እጃችሁን አንሱ" ነው።

በሦስተኛው ቀን አንዷ ልጅ ሐረጓን ጨርሳ እጇን ከክራሩ ላይ አነሳች። የመጨረሻው ክር እስኪሞት ድረስ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀጠለች። ለሰባት ወር "ቆም በሉ" ስል የከረምኩት ነገር ያን ጊዜ ገባት።

ጋሼ፣ ስለ ግርፍ ያሉት እውነት ነው፣ እቀበላለሁ። በቅኝቱ ግን ትንሽ ልከራከርዎ። ፒያኖ ሰምታችሁ አውጡ ብዬ ቢሆን ኖሮ ቃል አልተነፍስም ነበር። ሳክስፎን ግን ቁልፍ ቢኖረውም ድምፁን ከንፈር ያጎብጠዋል። ደግሞ ጌታቸው ማን ነው? በልጅነቱ መጀመሪያ የነካው ክራርና ማሲንቆ ነው። ሳክስፎንና ክላርኔት በኋላ ነው የመጡት። ከዚያም ሽለላን ከፎካሪ ጉሮሮ ወስዶ ሳክስፎን ውስጥ አስገባው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር አልበም ሲሠራ 70 ዓመት አልፎት ነበር። ከኋላው ኤሌክትሪክ ጊታር እየጮኸ እንኳ ሽለላው ሽለላ ነው። እና ልጆቹ የሰሙት የባዕድ ነገር አይደለም። ከክራርና ከማሲንቆ ተነስቶ በሳክስፎን ዞሮ የተመለሰ ነው።

ከጊዶሌ የመጣሁ፦
እኔ ሙዚቀኛ አይደለሁም። አድማጭ ነኝ። ግን አሰልጣኙ ያለው ነገር የአገሬን ፊላ አስታወሰኝ። በድራሼ ፊላ ስንነፋ አንድ ሰው የያዘው ቱቦ አንድ ድምፅ ነው የሚሰጠው። ብቻህን ብትነፋ ዜማ የለህም። የጎንህ ሰው ሲነፋ፣ ቀጥሎ ያኛው ሲነፋ፣ በመሃል የአንተ ተራ ስትደርስ ነው ዜማው የሚፈጠረው። ልጅ ሆነን ስንማር "ንፋ" አይሉንም፣ "ስማ" ነው የሚሉን። የራሱን ቱቦ ብቻ የሚሰማ ሰው ጨዋታውን ያበላሻል።

የሰርግ ባንድ ሰው፦
ሁላችሁም የዘለላችሁት ነገር አለ። መማሩ ለምን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይሄዳል? ክራር ከሳክስፎን ይማር፣ ማሲንቆ ከቫዮሊን ይማር ይባላል። ኪቦርድ ተማሪውን ሂድና ከክራር ተማር ያለው ማን ነው? እኔ በየሳምንቱ ሰርግ እሠራለሁ። ኪቦርዱ ላይ "ክራር" የሚል ቁልፍ አለ፣ እሱን ይጫኑታል፣ አለቀ። ክራር ሲመታ በአካል አይተው የማያውቁ ኪቦርዲስቶች አብረውኝ ሠርተዋል። ማሰልጠኛው እውነት ሌላ መሳሪያ መስማት ይጠቅማል ብሎ ካመነ ከጊታርና ከኪቦርድ ክፍል ይጀምር። ያን ጊዜ እኔም እደግፋለሁ።

የታቦር ልጅ፦
ይሄ ጥያቄ ነው! ሲሆንም ታይቷል። በዚምባብዌ የቶማስ ማፕፉሞ ጊታሪስቶች የምቢራን ዜማ ጊታር ላይ አወጡት። ምቢራ በአውራ ጣት የሚመታ የብረት ምላስ ያለው የባህል መሳሪያ ነው። ክሩን በመዳፋቸው እያፈኑ ይመቱት ነበር፣ ጊታሩ ምቢራ እስኪመስል። ጋሼ፣ እርስዎ ስለ ግርፍ "ዝም በማሰኘት ነው" ሲሉ ዛሬ ማታ ጊታሪስታችንን ይዤልዎት ልመጣ አሰብኩ። ያንን ማፈን እሱ አያውቀውም። ቢያውቀው የእኛ ባንድ ሌላ ባንድ ይሆናል።

እናት ነኝ፦
አሰልጣኙ፣ ይቅርታህን ተቀብያለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፣ እውነቱን መናገር ስላለብኝ። ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ጓሮ ቁጭ ብሎ ሲጫወት ቡና እያፈላሁ ነበር። መሃል ላይ ቆመ። ረስቶት መስሎኝ ዞር ስል አልረሳም፣ አየር ስቦ ቀጠለ። ከየት እንዳመጣው ዛሬ ነው የገባኝ።

ሐሳቤን ግን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። ሳክስፎኑን ማሰማት ወጪ የለውም፣ ስልክ ይበቃል። ገንዘብ የሚያስፈልገው አዋቂውን ሰው ለማምጣት ነው። የሕዝብ ገንዘብ ከሆነ የተነሳው፣ ለእንደ ጋሼ ላሉት የትራንስፖርትና የድካም ይከፈልበት። በሳምንት አንድ ቀን ጋሼ ግርፍ ያስተምሩ። ሌላውን ቀን አንተ የፈለግከውን አሰማቸው። ጋሼ ካሉበት ክፍል ልጄ ሳክስፎንም ቢሰማ አልሰጋም።

የሰርግ ባንድ ሰው፦
በዚህ እስማማለሁ። የኪቦርድና የጊታር ተማሪዎችም ጋሼ ክፍል ይግቡ። በእንግድነት ሳይሆን በግዴታ።

የድሮ ክራር፦
አሰልጣኙ ልጄ፣ ስለ ትንፋሽ ያልከው ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ነው። እኔን ያስተማሩኝ ሰው ሲጫወቱ ያንጎራጉሩ ነበር። ከንፈራቸው ሲዘጋ እጃቸውም ይቆማል። ለካ ትንፋሹን የሚያመጣው ዘፈኑ ነበር። የዛሬ ልጆች ክራር ይዘው አይዘፍኑም፣ ያፍራሉ። ስለዚህ እኔ ሳክስፎኑን አልከለክልም፣ ግን መጀመሪያ አፋቸውን ያስከፍቱ። እያንጎራጎሩ ይምቱ። ከዚያ ጌታቸውን ይስሙ። በስድስት ወራቸውም ቅኝት ያለ ስልክ ይቃኙ፣ በዚህ አልለቅም።

አሰልጣኙ፦
ጋሼ፣ በቅኝቱ እስማማለሁ። ስልኩን ከነገ ጀምሮ አስቀምጣለሁ። ግን እኔ ራሴ አንቺሆዬን በጆሮ ስቃኝ አንዷ ክር ሁልጊዜ ታጠራጥረኛለች። ስልኩ አንድ ነገር ይለኛል፣ ጆሮዬ ሌላ።

የድሮ ክራር፦
ጆሮህን እመን። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ፍቅር ሐይቅ ዳር ና። ክራርህን አምጣ። ያንን ሳክስፎን የሚነፋ ጓደኛህንም ጥራው፣ እሱም አንቺሆዬውን በከንፈሩ ይፈልገው። ከልጆቹም የሚመጣ ካለ ይምጣ።

እናት ነኝ፦
የእኔው ይመጣል። ስንት ሰዓት ላይ?