የጋራ ፎልደር ኡቡንቱ ሲነሳ በራሱ እንዲከፈት

ባለስካነሩ፦
ጤና ይስጥልኝ። የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትን ስካን እያደረግሁ ወደ ጽሑፍ እለውጣለሁ። ስካነሬ ከዊንዶውስ ሌላ አያውቅም፤ ፊደሉን የሚያነብልኝ ቴሰራክት ደግሞ ያለው በቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ፕሮግራም) ውስጥ በጫንኩት ኡቡንቱ 22.04 (የሊኑክስ ዓይነት) ላይ ነው። (ቴሰራክት ከ«ነ» እና «ኘ» ጋር የሚታገለው ትግል ለሌላ ቀን ይቆይ።) ሁለቱን የሚያገናኛቸው «ስካን» የተባለ የጋራ ፎልደር ነው። «አውቶ-ማውንት» (ፎልደሩን በራሱ ከኡቡንቱ ጋር የሚያገናኘው) የሚለው ላይ ምልክት አድርጌበታለሁ። ኡቡንቱ ሲነሳ ፎልደሩ «ሚዲያ» ሥር «ኤስኤፍ_ስካን» ተብሎ ይታያል፤ ልከፍተው ስል ግን ፈቃድ የለህም ይለኛል። በገዛ ኮምፒውተሬ! በሱዶ (በአስተዳዳሪ ሥልጣን) ከሆነ ይከፈታል። ስለዚህ በየማለዳው ፎልደሩን በእጄ ማውንት ሳደርግ እገኛለሁ። ኤፍስታብ (ኡቡንቱ ሲነሳ ማውንት የሚሆኑት የሚዘረዘሩበት ፋይል) ላይ ልጻፈው?

የሌሊት ወፍ፦
ኤፍስታብን ለጊዜው ይተዉት። ፎልደሩ ማውንት ሆኗል፤ የጎደለው ፈቃድ ነው። ቨርቹዋልቦክስ በራሱ የሚከፍተውን ፎልደር ባለቤትነት ለሩት (ለዋናው አስተዳዳሪ)፣ ቡድኑን ደግሞ ቪቦክስኤስኤፍ ለተባለው ይሰጣል፤ ሌላ ሰው በሩ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ወደ ቡድኑ ይግቡ፦ «ሱዶ አድዩዘር» ብለው የተጠቃሚ ስምዎን፣ ቀጥሎም «ቪቦክስኤስኤፍ» ይጻፉ። ከዚያ ከኡቡንቱ ሎግ አውት አድርገው እንደገና ይግቡ። ተርሚናሉን ዘግቶ መክፈት አይበቃም፤ አዲሱ ቡድን የሚቆጠርልዎ እንደገና ሲገቡ ነው።

ጨው በረንዳ፦
የሌሊት ወፍ ያለው ልክ ነው። ፎልደሩ «ሚዲያ» ሥር መቀመጡን ካልወደዱት ግን፣ ከቨርቹዋልቦክስ 6.0 ወዲህ ማውንት የሚሆንበትን ቦታ እዚያው «አውቶ-ማውንት» ያለበት መስኮት ላይ መጻፍ ይቻላል። ኤፍስታብ ካሉ ደግሞ «ኖፌይል» የሚለውን አይርሱ፤ ያለ እርሱ ፎልደሩ አንድ ቀን ያልተገኘ እንደሆነ ኡቡንቱ መነሳቱን አቁሞ ኢመርጀንሲ ሞድ (የአደጋ ጊዜ ሁነታ) ውስጥ ይገባል። ፎልደሩን የጨመሩት ቨርቹዋል ማሽኑ (ኡቡንቱ ያለበት) ሥራ ላይ ሳለ ከሆነም «ሜክ ፐርማነንት» መመረጡን ይዩ፤ አለበለዚያ ማሽኑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል።

ባለስካነሩ፦
ቡድኑ ውስጥ ገባሁ፤ ተከፈተ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ! አንድ ነገር ቀረ፦ ስክሪፕቴ በዚሁ ፎልደር ውስጥ ሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፋይል የሚጠቁም አቋራጭ) ሊፈጥር ሲል ይከለከላል። ይህም የፈቃድ ጉዳይ ነው?

የሌሊት ወፍ፦
አይደለም። ቨርቹዋልቦክስ በጋራ ፎልደር ውስጥ ሲምሊንክ መፍጠርን ለደኅንነት ሲል አስቀድሞ ዘግቶታል። ማስከፈት ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም። ስክሪፕቱ ሥራውን በሆም ፎልደርዎ ውስጥ ይሥራና ያለቀውን ጽሑፍ ብቻ ወደ «ስካን» ይገልብጥ።